አንድ ቺፕ፣ ሦስት ሞዴል፦ ከሱሉልታ የተነሳ ጥያቄና ያስከተለው ክርክር

ጥያቄውን የለጠፈው ሱሉልታ የሚኖር ወጣት ኢንጂነር ነው። አክስቱ የወተት ላሞች ያረባሉ። እሱ ደግሞ በረታቸው ውስጥ ሦስት ኒውራል ኔትወርክ (ከምሳሌ ተምረው ምስልና ድምፅ የሚለዩ ሞዴሎች) ባንድ ጊዜ ማስኬድ ይፈልጋል። አንደኛው የግቢውን በር በካሜራ ይጠብቃል፤ ሰው፣ መኪናና ከብት ይለያል። ሁለተኛው በረቱን ያያል፤ ተኝታ ቶሎ ቶሎ የምትነሳ፣ እረፍት ያጣች ላም ካለች ምጥ ሊሆን ስለሚችል ያሳውቃል። ሦስተኛው ሌሊቱን በማይክሮፎን ያዳምጣል፤ የውሻ ጩኸትን፣ የጅብን ድምፅና የላም ማቃሰትን ይለያል። ምስሉን በኢንተርኔት ወደ ሩቅ ሰርቨር መላክ አያዋጣውም። መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይጠፋል። ሁሉም ነገር እዚያው በረት ውስጥ፣ በአንድ ቦርድ ላይ ማለቅ አለበት።

ቦርዱ ፒንክ ዜድ 2 ነው። በላዩ ያለው ቺፕ ዚንክ 7020 ይባላል፤ ኤፍፒጂኤ አለበት፣ ማለትም ሰርኪዩቱን ባለቤቱ ራሱ የሚነድፍበት ነው። ልጁ ሦስቱንም ሞዴሎች ለየብቻ ሲያስኬዳቸው ጥሩ እንደሚሠሩ ጻፈ። አብረው ሲሆኑ ግን ካሜራዎቹ ይጎተታሉ፣ ድምፁም ይቆራረጣል። የጠየቀው ይህንን ነው፦ በቺፑ ላይ ያሉትን ማባዣዎች (ቁጥር የሚያባዙ ትናንሽ ሰርኪዩቶች) አንድ ትልቅ አሬይ (ድርድር) አድርጎ ሞዴሎቹን በተራ ያስኬድ? ለሦስት ከፍሎ ለየሞዴሉ ያድል? ወይስ እንደ ሥራው መጠን የሚሰነጠቅና መልሶ የሚገጠም አሬይ ይንደፍ?

ይህን ክር፣ ማለትም ጥያቄውንና ተከታታይ ምላሾቹን፣ የማስነብባችሁ ስለ ማፍጠኛ ቺፕ (የእንዲህ ያሉ ሞዴሎችን ስሌት የሚያፋጥን ቺፕ) ንድፍ በአማርኛ እንዲህ ተብላልቶ የተጻፈ ብዙም ስለማላገኝ ነው። እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ሥራዬም ከኤፍፒጂኤ ጋር ነው። ከመላሾቹም አንዱ ነኝ፤ አቋሜን ቦታው ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ምላሽ 1 ከሰበታ መጣ። ጨዋ ሰው ነው። መጀመሪያ የላሞቹን ጤና ጠየቀ፣ ለአክስቱም ሰላምታ ላከ። ከዚያ የሰጠው ምክር አጭር ነበር፦ ጄትሰን ናኖ የተባለውን የኤንቪዲያ ትንሽ ኮምፒውተር ግዛና ተገላገል። 128 ኮር ያለው ጂፒዩ አለው፣ ከ5 እስከ 10 ዋት ቢወስድ ነው፣ ሶፍትዌሩም ተዘጋጅቶ ይመጣል። አክስቱ የሚፈልጉት የሚሠራ ነገር እንጂ የንድፍ ምርምር አይደለም ሲል ደመደመ። ምክሩ ውሃ የሚያነሳ ነው። ጥያቄው ግን ምን ልግዛ የሚል አልነበረም።

ምላሽ 2 ይህንኑ ለማስታወስ ተጻፈ። ጸሐፊዋ ቂሊንጦ አካባቢ ባለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ነገሩን ከሥሩ ጀመረችው። በ1970ዎቹ መጨረሻ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ኩንግና ላይዘርሰን ሲስቶሊክ አሬይ የሚባለውን ሐሳብ እንዳቀረቡ ገለጸች። ማባዣዎች በረድፍና በአምድ ይደረደራሉ፤ ቁጥሩ ከአንዱ ወደ ጎረቤቱ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ወደ ሜሞሪ የሚደረገው ምልልስ ይቀንሳል። ጉግል በ2015 ዳታ ሴንተሮቹ ውስጥ ያስገባው የመጀመሪያው ቲፒዩ፣ ማለትም የራሱ ማፍጠኛ ቺፕ፣ በዚህ መንገድ 256 በ256፣ በድምሩ 65,536 ማባዣዎችን ደርድሯል። ትልቅ ማትሪክስ ሲመጣለት የሚደርስበት የለም። ትንሽ ወይም ጠባብ ሥራ ሲመጣለት ግን አብዛኛው ማባዣ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሦስት ዓይነት ሞዴል ያለው ሰው ሦስት ዓይነት ቅርጽ ያለው ሥራ ነው ያለው፤ ጥያቄው ተገቢ ነው ብላ ለልጁ ቆመችለት።

በምላሽ 3 ባለጥያቄው ቁጥሮቹን አወጣ። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፤ የቀረው ክርክር የሚሽከረከረው በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ነው። ቺፑ 220 ማባዣዎች አሉት። በ100 ሜጋኸርዝ (በሰከንድ 100 ሚሊዮን የክሎክ ምት) ሲሠሩ ጣሪያቸው በሰከንድ 22 ቢሊዮን ማባዛት ነው። ሁለቱ ካሜራዎች የሚጠቀሙት ሞባይልኔት የተባለውን ለትናንሽ መሣሪያዎች የተሠራ የምስል ሞዴል ነው፤ ለአንድ ምስል 569 ሚሊዮን ማባዛት ይፈልጋል። ከእያንዳንዱ ካሜራ በሰከንድ 15 ምስል፣ በጠቅላላው 30 ምስል ቢሠራ 17 ቢሊዮን ገደማ ይሆናል። በወረቀት ላይ ይበቃል። በስሌቱ አንድ ምስል 26 ሚሊሰከንድ መፍጀት ሲገባው ቦርዱ ላይ የተለካው ግን 40 ነው። በ40 ሚሊሰከንድ ሂሳብ ደግሞ በሰከንድ ከ25 ምስል በላይ አይሄድም፤ ያውም ድምፁ ተራውን ሳይወስድ።

የሳጥኑንም ፎቶ አብሮ ለጥፏል። ቦርዱ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ከድርቆሹ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የማቀዝቀዣዋ ፋን ክንፎች መሃል የገለባ ብናኝ ተጠቅጥቋል፣ ዙሪያውን ዝንብ አጥቁሮታል። ፎቶው በኋላ ሌላ ክርክር አስነስቷል፤ እመለስበታለሁ።

ምላሽ 4 የሰንዳፋ ሰው ነው። ከሁሉም በፊት ልጁን ያሳረፈው እሱ ነው። የድምፁ ሞዴል በየ10 ሚሊሰከንዱ አዲስ ቁራሽ ድምፅ ይቀበላል። ካሜራው አሬዩን ለ40 ሚሊሰከንድ ከያዘው አራት ቁራሽ ተራ ይጠብቃል። የማይክሮፎኑ ማጠራቀሚያ ደግሞ ሁለት ብቻ ነው የሚይዘው፤ ትርፉ ይደፋል። ሰውየው ቺፑን ከመንካትህ በፊት ማጠራቀሚያውን አስረዝም አለው። ጅብ ለመስማት 40 ሚሊሰከንድ መዘግየት የሚያመጣው ጉዳት እንደሌለም አከለ። ልጁ ሞክሮ የድምፁ መቆራረጥ እንደቀረ በዚያው ቀን አሳወቀ። የካሜራዎቹ መጎተት ግን ባለበት ቀረ። የንድፍ ጥያቄው የቀጠለው በዚህ ምክንያት ነው።

ምላሽ 5 ሌላ መንገድ አመጣ። ኤፍፒጂኤ ራሱ ተለዋዋጭ ቺፕ አይደለም ወይ? ለእያንዳንዱ ሞዴል የሚስማማ ሰርኪዩት አዘጋጅቶ ተራው ሲደርስ እየቀያየሩ መጫን ይቻላል የሚል ሐሳብ ነው። ምላሽ 6 በትህትና አረመው። የዚህ ቺፕ ሙሉ የሰርኪዩት ፋይል 4 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ለመጫን በአስር የሚቆጠሩ ሚሊሰከንዶች ይፈጃል። በሰከንድ 30 ምስል የሚሠራ ሰው ለአንድ ምስል ያለው ጊዜ 33 ሚሊሰከንድ ነው። ለመቀያየር ብቻ ጊዜው አለቀ ማለት ነው። የቺፑን አንድ ክፍል ብቻ መቀየር ይቀላል፤ ያም ቢሆን በየምስሉ የሚደረግ አይደለም። ሞዴል በሞዴል እየተፈራረቁ ለመሥራት ቅያሬው በጥቂት የክሎክ ምት ውስጥ ማለቅ አለበት። ያ ደግሞ የሚሆነው አስቀድሞ በተሠራው አሬይ ውስጥ መንገዶቹን የሚመርጡ ማብሪያ ማጥፊያዎች ካሉ ነው። 5 አመስግኖ ተቀበለ። እንዲህ ያለ መተራረም ደስ ይላል።

ምላሽ 7ን የጻፉት ቡራዩ የሚኖሩ፣ በቴሌኮም ሥራ ያረጁ አንድ አባት ናቸው። ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ማባዣዎቹ ከመቆጠራቸው በፊት ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ ይወሰን አሉ። አሬዩን እንደ ታክሲ መናኸሪያ እዩት፤ ተራ አስከባሪ ከሌለ መኪና ቢበዛም ሕዝቡ አይንቀሳቀስም ሲሉ ጻፉ። ከዚያ ተራ ሲቋረጥ ያሉትን ሦስት አማራጮች ዘረዘሩ። የያዘው ሥራ እስኪጨርስ መጠበቅ አለ። ያለበትን ሁኔታ ሜሞሪ ውስጥ አስቀምጦ ቦታውን ማስለቀቅ አለ። የተጀመረውን ጥሎ በኋላ ከዜሮ መጀመርም አለ። በ2020 ፕሬማ በሚል ስም የታተመ ጥናት እነዚህን ሦስቱን እንደሚያነጻጽር ጠቆሙ። የትኛው ይሻላል የሚለው በቀረው ሥራ መጠን ይወሰናል። ሊያልቅ ጥቂት የቀረውን መጠበቅ ያዋጣል፣ ገና የተጀመረውን መጣል ብዙ አያስከፍልም። ለበሩ ካሜራ፣ ለምጡና ለጅቡ እኩል ቅድሚያ መስጠት እንደማይገባ ለማስረዳት ከሌሎቻችን ያነሰ ቃል ነው የፈጀባቸው።

ቀጥሎ ክሩ ሞቀ። ምላሽ 8 ይህ ሁሉ ቅዠት ነው አለ። ቺፕ ማምረቻ በሌለበት አገር ስለ ቺፕ ንድፍ ማውራት ጊዜ ማቃጠል ነው፣ ልጁም አፕ ቢሠራ ይሻለዋል የሚል ነው። አጻጻፉ ሸካራ ነበር። ምላሽ 9 በዚያው ልክ መለሰለት፤ ሳያውቅ ገብቶ የሰው ሞራል የሚሰብር ሰው እንደሰለቸው ሳይደብቅ ነገረው። ምላሽ 10 ግን ነገሩን በማስረጃ አበረደችው። ኤንቪዲያ የራሱ የቺፕ ፋብሪካ የለውም፤ አርም ደግሞ ዓለም የሚያውቀው ንድፍ በመሸጥ ነው። ንድፍና ማምረት ከተለያዩ ቆይተዋል። በኤፍፒጂኤ ላይ የተሠራ ንድፍ ነገ ተነገ ወዲያ ወደ ቺፕ ሊሄድ ይችላል፤ ባይሄድም እዚያው ቦርዱ ላይ ሥራውን ይሠራል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ሱሉልታ ተቀምጦ አሬይ መንደፍ የሚከለክል ነገር የለም።

ምላሽ 11 የእኔ ነው። የተናገርኩት አንድ ነገር ነው፦ ስለ ተለዋዋጭ ቺፕ ስናወራ ማባዣ መቁጠር እናብዛለን፣ ቁጥሮቹ የሚሄዱበትን መንገድና የሚያርፉበትን ሜሞሪ እንረሳለን። ሦስት ሞዴል ባንድ ቺፕ ላይ ሲኖር የሚጋጩት ከማባዣው በፊት ሜሞሪው ላይ ነው። በልጁ ቁጥር አሳየሁ። የድምፁ ሞዴል 2 ሚሊዮን ክብደቶች (ሲሠለጥን የተማራቸው ቁጥሮች) አሉት፤ እያንዳንዳቸው አንድ ባይት ናቸው። በሰከንድ 100 ጊዜ ይሠራል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ እያንዳንዱን ክብደት አንዴ ብቻ ተጠቅሞ ይጥለዋል። ይህ በሰከንድ 200 ሚሊዮን ማባዛት ነው፤ ከጣሪያው 1 ከመቶ እንኳ አይሞላም። ከውጭው ሜሞሪ የሚጎትተው ግን በሰከንድ 200 ሜጋባይት ነው። የዚህ ቦርድ ሜሞሪ ጣሪያው 2.1 ጊጋባይት ስለሆነ አንድ አስረኛውን ለብቻው ወሰደ ማለት ነው። ቲፒዩም ከዚህ አላመለጠም። ጉግል በ2017 ባሳተመው ጽሑፍ ከመዘናቸው 6 ሥራዎች 4ቱን የገደባቸው የሜሞሪ ባንድዊድዝ፣ ማለትም ከሜሞሪ በሰከንድ ሊመጣ የሚችለው መጠን፣ ነበር።

የኤሌክትሪክ ፍጆታውም እንዲሁ ነው። ማርክ ሆሮዊትዝ በ2014 ባቀረበው የ45 ናኖሜትር ሂሳብ አንድ ባለ 32 ቢት የነጥብ ቁጥር ማባዛት 3.7 ፒኮጁል ይፈጃል። ያንኑ 32 ቢት ከዲራም (ከቺፑ ውጭ ካለው ሜሞሪ) ማምጣት ግን 640 ፒኮጁል ገደማ ነው። በባትሪ ለሚያድር ሳጥን ይህ ልዩነት ሌሊቱን ሙሉ መሥራትና አለመሥራት ነው።

የካሜራዎቹ መጎተት ሌላ ምክንያት አለው። ሞባይልኔት ሥራውን ለሁለት ይከፍላል። 95 ከመቶ የሚሆነው ማባዛት 1 በ1 የሚባለው ኮንቮሉሽን ነው፤ በእያንዳንዱ የምስል ነጥብ ላይ ቻናሎቹን (የምስሉን ንብርብሮች) ያደባልቃል፤ እሱ ለአሬይ ይመቻል። 3 ከመቶ ገደማ የሚሆነው ደግሞ እያንዳንዱን ቻናል ለብቻው በ3 በ3 መስኮት የሚያይ ነው። ይህ ሁለተኛው ለሲስቶሊክ አሬይ አይመችም። አንዱ ቻናል የሚፈልገው 9 ማባዣ ብቻ ነው፤ የጎረቤት ቻናል ቁጥር ስለማይጋራም ተላልፎ የሚጠቅም ነገር የለም። ልጁ የየሌየሩን (የሞዴሉን የእያንዳንዱን የስሌት ደረጃ) ጊዜ ለክቶ እንዲለጥፍ ጠየቅሁት። ለጠፈው። ከ40ው ሚሊሰከንድ 14ቱን የበላው ያ 3 ከመቶ ሥራ ነው። ሠንጠረዡን ሳየው ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት። የአሬይ ንድፍ ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ምላሽ 12 ከዚህ ተነስቶ ለተለዋዋጭ አሬይ ተሟገተ። ገላን የሚኖር፣ ጽሑፍ በጣም የሚያነብ ሰው ነው። በ2018 ማሪ የተባለው የጆርጂያ ቴክ ንድፍ ማባዣዎቹን ቅርንጫፉ በሚስተካከል ዛፍ አገናኝቶ ቡድኖቹን እንደ ሥራው መጠን መመሥረት እንደሚችል አስረዳ። በ2020 የወጣው ፕላናሪያ ደግሞ ትልቁን ሲስቶሊክ አሬይ ወደ ትናንሽ ክፍሎች ይሰነጥቃል። ለእያንዳንዱ ሞዴል የሚበቃውን ያህል ያድላል፤ አንዱ ሲጨርስ ድርሻውን ለሌላው ይሰጣል። ለሦስት ሞዴል ከዚህ የሚስማማ የለም አለ።

ምላሽ 13 አልተስማማችም። ማብሪያ ማጥፊያው፣ ሽቦውና መቆጣጠሪያው በነጻ አይመጡም። በ220 ማባዣ ቺፕ ላይ ይህን ሁሉ ማገናኛ ከጨመርክ ሎጂኩ ያልቃል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። ሄራልድ የተባለው የ2021 ጥናት ሌላ አካሄድ እንዳለው ጠቀሰች። አንድ አሬይ እየተለዋወጠ ሁሉን ከሚሆን፣ የማይለዋወጡ ግን የተለያየ ባሕርይ ያላቸው ክፍሎች ጎን ለጎን ይቀመጡ። እያንዳንዱ ሌየር ወደሚስማማው ክፍል ይሂድ። ብዙ ሞዴል ባንድ ጊዜ ካለ አንዱ ክፍል ሥራ ፈት የሚሆንበት ጊዜ ይቀንሳል፤ የአንዱ ሞዴል ሌየር ባይስማማው የሌላው ይስማማዋል።

በምላሽ 14 የገላኑ ሰው ቱግ አለ። የሰው ጥናት ሳያነቡ መቃወም ይቅር አላት። እሷም በምላሽ 15 ጽሑፉን እንዳነበበችው፣ ይልቅ እሱ ቦርድ ነክቶ እንደማያውቅ ከአነጋገሩ እንደሚታወቅ መለሰችለት። ሁለቱም አስፈላጊ ባልሆነ መንገድ ሄዱ። ጋሼ ገብተው ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ፣ ነገሩን እንጂ ሰውን አትንኩ ብለው ባያበርዱት ክሩ እዚያ ይሞት ነበር። በነገሩ ላይ እኔ ከ13 ጋር ነኝ። የፕላናሪያ ዓይነት አሬይ ምን ሥራ እንደሚመጣለት ቀድሞ ለማያውቅ ትልቅ ዳታ ሴንተር ነው የሚገባው። የሱሉልታው በረት ሞዴሎቹ ይታወቃሉ። ሥራው ከታወቀ የሚለዋወጠውን ነገር ማሳነስ ይቻላል።

ምላሽ 17 ሳይጣላ አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመረ። ኤንቪዲያ በ2020 ያወጣው ኤ100 የተባለ ጂፒዩ እስከ 7 ድረስ ተከፍሎ ለ7 ሥራ ሊታደል ይችላል። ቁም ነገሩ ሲከፈል ኮሩ ብቻ አለመከፈሉ ነው። ካሹና (የቺፑ ውስጥ ፈጣን ሜሞሪውና) የሜሞሪ መንገዱም አብሮ ይከፈላል፤ ስለዚህ አንዱ ተከራይ የጎረቤቱን መንገድ አይዘጋም። ይህ በምላሽ 11 ካልኩት ጋር ስለገጠመ ደስ አለኝ።

ከዚያ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። አንድ ሰው ስለ መብራት አነሳ። ሌላው ስለ ባትሪ ቀጠለ፦ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር አወር የሆነው የተለመደው ባትሪ 84 ዋት አወር ይይዛል። ከግማሽ በታች ካወረዱት ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ 5 ዋት ለሚወስድ ሳጥን 8 ሰዓት ገደማ ነው። የሰበታው ሰው ተመልሶ ሶላር ይሻላል አለ። ለገጣፎ የሚኖር ሌላ ሰው ስለ ጅብ ጀመረ። እሱ ያለበት ሰፈር ጅቡ የሚመጣው ቄራ በሚሠራ ቀን ነው፤ ውሾቹ ከማይክሮፎኑ ቀድመው ይናገራሉ። ስለ ውሻ ዝርያ ብዙ ተባለ። አልፈዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ መሃል ግን ምላሽ 21 ዋጋ ነበረው። ጸሐፊው የሳጥኑን ፎቶ አስተውሎ ነበር። ፋኗ በገለባ ስትታነቅ ድምፅ እያወጣች ነው፤ ማይክሮፎኑም አጠገቧ ነው። የድምፁ ሞዴል ሌሊቱን ሙሉ የሚሰማው የፋን ጉርምርምታ ከሆነ ቺፑ ቢፈጥንም ምን ይጠቅማል ብሎ ጠየቀ። ልጁ የተቀዳውን አዳምጦ እውነት መሆኑን አረጋገጠ። ማይክሮፎኑን ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዛወረው፣ ፋኗንም በነጠላ ወንፊት ጨርቅ ሸፈነ። ጨርቁ አየር እንዳያሳጣው የቺፑን ሙቀት እንዲከታተል አንድ ሁለት ሰው አስጠነቀቀው።

ምላሽ 22 ወደ ጉዳዩ መለሰን። ኮራል የተባለውን የጉግል ትንሽ ማፍጠኛ የምትጠቀም ሴት ናት። ኮራል ውስጥ 8 ሜጋባይት ገደማ የሞዴል ክብደት የሚያርፍበት ሜሞሪ አለ። ሁለት ሞዴል ለየብቻ ከተዘጋጀ፣ አንዱ ሲገባ የሌላውን ክብደት ጠርጎ ያስወጣል፤ ተራው ሲመለስ እንደገና መጫን ነው። ሁለቱ አብረው ከተዘጋጁ ግን ሜሞሪውን ተካፍለው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከዚህ ተነስታ ለልጁ የሰጠችው ምክር ክሩን ወደ መፍትሔ ወሰደው። የድምፁን ሞዴል አሳንሰውና ከቺፑ ውስጥ እንዳይወጣ አድርግ አለችው። ዚንኩ በውስጡ 630 ኪሎባይት ሜሞሪ አለው። ሞዴሉ 300 ኪሎባይት ከሆነ በቋሚነት ተቀምጦ ያድራል፤ ያ በሰከንድ 200 ሜጋባይት ምልልስ ይቀራል።

ምላሽ 23 ደግሞ በካሜራዎቹ በኩል መጣ። ሁለቱም ሞባይልኔት ከሆኑ የመጀመሪያዎቹ ሌየሮች ለምን ይለያያሉ? አንድ ግንድ ይሠልጥን፣ ጫፉ ላይ ብቻ ለበሩና ለበረቱ ይለያይ። ቴስላ ለመኪናዎቹ ብዙ ሥራዎችን በአንድ የጋራ ግንድ ላይ እንደሚሠራ ምሳሌ አደረገ። ያኔ የአንድ ሌየር ክብደት አንዴ ገብቶ ለሁለቱም ምስሎች ይሠራል። ማባዛቱ አይቀንስም፤ ከሜሞሪ የሚመጣው ክብደት ግን በግማሽ ይቀንሳል። ይህ የሶፍትዌር ሥራ ነው፤ ግን ሃርድዌር ነዳፊና ሞዴል አሠልጣኝ አብረው ካልተቀመጡ የማይገኝ ነገር ነው።

በምላሽ 25 ባለጥያቄው ውሳኔውን ይዞ መጣ። አሬዩ ሁለት እኩል ያልሆኑ ክፍሎች ይኖሩታል። ትልቁ 12 በ16፣ ማለትም 192 ማባዣ ነው፤ የካሜራዎቹን 1 በ1 ኮንቮሉሽን ብቻ ይሠራል። ትንሹ 24 ማባዣ ነው፤ የ3 በ3ቱን ሥራና የድምፁን ሞዴል ይወስዳል። ክሎኩን ወደ 150 ሜጋኸርዝ ለማድረስ አስቧል። በዚህ ፍጥነት ትልቁ ክፍል በሰከንድ 28.8 ቢሊዮን ማባዛት ይችላል፤ የሚፈለግበት ከ17 ቢሊዮን ያነሰ ነው። የትንሹ ጣሪያ 3.6 ቢሊዮን ሲሆን ከአንድ አምስተኛው ብዙም አይሠራበትም። ሁለቱ ክፍሎች ጎን ለጎን ሲሠሩ አንዱ ካሜራ ትልቁን ሲይዝ ሌላው ትንሹ ላይ ይሆናል። የሚለዋወጠው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ የቺፑ ውስጥ ሜሞሪ። 300ው ኪሎባይት ለድምፁ ተዘግቷል፤ የቀረው ለካሜራዎቹ እንደ ሌየሩ መጠን በብሎክ ይታደላል። ትንሹ ክፍል ላይ ድምፁ ሁልጊዜ ቀዳሚ ነው።

የገላኑ ሰው ይህን አይቶ ንድፉ ከጠበቀው በላይ ንጹሕ እንደሆነ ጻፈ። ለ13ም በስሟ ጠርቶ ምስጋና ጨመረ። እሷ ግን የ150 ሜጋኸርዙን ነገር ቦርዱ ላይ ሳይታይ እንዳይታመን አሳሰበች፤ በ12 በ16 አሬይ ዙሪያ ያለው ሽቦ መርዘሙ አይቀርምና።

ምላሽ 28 የለገጣፎው ሰው ነው፤ ከጅቡ ወሬ ተመልሷል። አክስትየው ላሞቹን በመልካቸው የሚለይ አራተኛ ሞዴል ቢፈልጉስ አለ። ልጁ በትልቁ ክፍል ላይ ቦታ እንዳለ አሰበ፤ የትኛው ቦታ እንደሚለቀቅና መቼ እንደሚለቀቅ ግን ጥያቄ ሆነበት። ጋሼ መለሱለት። ላም መልኳን በየሰከንዱ አትቀይርም። መለየት የሚያስፈልገው ቦታ ስትለዋወጥ ነው። ስለዚህ አራተኛው ከሁሉም ኋላ ይሰለፍ፤ በሩ ላይ ሰው ከመጣ ይቋረጥ። ልጁ የሚቋረጠው የትም ቦታ ነው ወይስ ሌየር ሲያልቅ ብሎ ጠየቀ። ሌየር ሲያልቅ አሉት። መሃል ላይ ከተቆረጠ በየማባዣው ሥር የተጠራቀመውን ግማሽ ድምር ሁሉ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሌየር ሲያልቅ ግን የሚቀመጠው የሌየሩ ውጤት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀድሞውንም ወደ ሜሞሪ የሚሄድ ነው። ልጁ የመቆጣጠሪያውን ኮድ በዚሁ መልክ መጻፍ ጀምሯል። የመጀመሪያውን ክፍል ለጥፎ አስተያየት እየጠየቀ ነው፤ ቬሪሎግ (ሰርኪዩት የሚጻፍበት ቋንቋ) የምታነቡ ገብታችሁ እዩለት።